«800 ኪሎ ያነሳል» ተብላችሁ የግንባታ ዊንች ከመግዛታችሁ በፊት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ሰበታ አካባቢ ጂ+1 ወይም ጂ+2 የምታስገነቡ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ በሰው ትከሻ ከማስወጣት ብላችሁ ባለ 220 ቮልቷን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዊንች (ዕቃ በብረት ገመድ የሚያነሳ ማሽን) ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ። ዕቃው በልኩ ከተሠራበት ጥሩ ነው፤ ገዢ የሚበላው አሻሻጡ ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ 400/800 ኪሎ፣ 12/6 ሜትር የሚል ታያላችሁ። ሻጩ የሚጠራላችሁ 800ውንና 12ቱን ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው አይገኙም። 800 የሚነሳው ገመዱ ወርዶ መንጠቆው ላይ ባለው ፑሊ ዞሮ፣ ጫፉ ተመልሶ ማሽኑ አካል ላይ ሲታሰር፣ ማለትም ጭነቱ በሁለት ገመድ ሲንጠለጠል ነው። ያኔ የሚያነሳበት ቁመትም ፍጥነትም በግማሽ ይወርዳል። የጂ+2 ሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ (የአርማታ ወለሉ) ከመሬት 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ዊንቹ ደግሞ ጭነቱን ወደ ውስጥ ለመሳብ ከሶሌታው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። 6 ሜትሩ አይደርስላችሁም። ስለዚህ ለእናንተ ቤት ያ ማሽን ባለ 400 ነው፣ 200/400 የሚለው ደግሞ ባለ 200። ዋጋውን በዚህ ቁጥር ተከራከሩ።

ከዚህ የባሰው ስቲከር መቀየር ነው፤ ትንሹ ማሽን ላይ 1,000 ኪሎ የሚል ይለጠፍበታል። ይህን እዚያው ሱቅ ቆማችሁ በስልካችሁ ካልኩሌተር ታወጡታላችሁ። በአንድ ገመድ የሚያነሳውን ኪሎ በደቂቃ በሚሄደው ሜትር አባዙ፣ ለ6 አካፍሉ። የሚመጣው ጭነቱን ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ዋት ነው። 200 ኪሎ በደቂቃ 10 ሜትር ከሆነ 333 ዋት ይመጣል። በሞተሩና በካምቢዮው የሚባክነው ሲጨመር ከመስመር የሚስበው የዚህን ሁለት ሦስት እጥፍ ነው፤ ታርጋው (ማሽኑ ላይ ያለው መግለጫ) ላይ 980 ዋት የሚል 200/400 ማሽን ያስኬዳል። 1,000 ተብሎ የተለጠፈበት፣ ማለትም በአንድ ገመድ 500 ኪሎ በዚያው ፍጥነት የሚል ግን 833 ዋት ንጹህ ጉልበት ይፈልጋል፤ ታርጋው 1,000 ዋት ካለ ስቲከሩ ውሸት ነው።

የብረት ገመዱም ይመሰክራል። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱና ሰፊው ጎኑ ላይ ለኩት። ጤነኛ ባለ 4 ሚሊ ገመድ የሚበጠሰው 900 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 5 ሚሊ 1,400፣ 6 ሚሊ ደግሞ 2,000 ገደማ። የሚሠራበት ጭነት የመበጠሻው አንድ አምስተኛ እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ በአንድ ገመድ 4 ሚሊው 180፣ 5 ሚሊው 280፣ 6 ሚሊው 400 ኪሎ ላይ ያበቃል። በ4 ሚሊ ገመድ «800» የሚል ማሽን ካያችሁ ጨርሳችሁ ውጡ።

አሁን ወደሚያቃጥለው ነገር። ታርጋው ላይ ብዙ ጊዜ «ኤስ3 20% 10 ደቂቃ» የሚል በትንሽ ፊደል አለ። ሻጭ አያነበውም፣ ገዢም አይጠይቅም። ትርጉሙ በሙሉ ጭነት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ደቂቃ ይሠራል፣ 8 ደቂቃ ያርፋል ነው። በደቂቃ 10 ሜትር የሚሄድ ማሽን 9 ሜትር ለመውጣት 54 ሰከንድ፣ ለመውረድም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ደርሶ መልስ ማለት የ10 ደቂቃ ድርሻውን ጨረሰ ማለት ነው። «ሶሌታም ትሞሉበታላችሁ» ሲሏችሁ ይህን አስሉ፦ 100 ካሬ ሶሌታ በ15 ሳንቲም ውፍረት 15 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ካሪዮላ 60 ሊትር አርማታ ቢይዝ (ይኸው ራሱ 144 ኪሎ ነው፣ የካሪዮላው ክብደት ሳይጨመር) 250 ምልልስ ይሆናል፤ እንደ ታርጋው ከተሠራ ከ41 ሰዓት በላይ። አርማታ ያን ያህል አይጠብቅም። ለሶሌታ ቀን የኮንክሪት ሊፍት ወይም ፓምፕ ተከራዩ፤ ይቺ ማሽን የብሎኬት፣ የሲሚንቶና የሴራሚክ ናት።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ይብስባታል። ሞተሮች በተለምዶ የሚለኩት ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላ አያቀዘቅዘውም፤ ለማረፊያ ታርጋው ከሚለው በላይ ስጡት። መስመሩም አለ። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው፦ 220 መሆን ያለበት 180 ላይ ከወረደ የቀረው ጉልበት 67% ብቻ ነው። ሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ቆጣሪያችሁ ላይ ስንት ቮልት እንደሚነበብ በቴስተር እዩ። ዊንቹ እያጉረመረመ ካልተነሳ ቁልፉን ልቀቁ፤ የቆመ ሞተር ላይ ቁልፍ ይዞ መጠበቅ የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል በደቂቃዎች ውስጥ ያነደዋል።

ከቆጣሪ እስከ ማሽኑ 50 ሜትር ባለ 1.5 ሚሊ ኤክስቴንሽን ከዘረጋችሁ፣ ደርሶ መልሱ ወደ 1.17 ኦም ነው። ሞተሩ ሲነሳ 25 አምፔር ቢስብ 29 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ሚሊ 17.5፣ በ4 ሚሊ 11 ቮልት ይሆናል። 4 ሚሊ ግዙ፣ መዳብ መሆኑንም ጫፉን ላጥ አድርጋችሁ በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ጥቅልል ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጉ አትሥሩበት።

ሱቅ ውስጥ በባዶ መንጠቆ እየዞረ ማሳየት ፈተና አይደለም፤ በባዶ የማይዞር ዊንች የለም። 200/400 ከሆነ አራት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ በአንድ ገመድ አንድ ሜትር ይነሳ፣ ገመዱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ምልክቱ ከወረደ ፍሬኑ አይዝም። ቀጥሎ እያነሳ ሳለ ሶኬቱ ይነቀል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሬኑ በስፕሪንግ ራሱ መያዝ አለበት፣ በእኛ ሰፈር ይህ ዋናው ፈተና ነው። በመጨረሻም መንጠቆው እስከ ላይ ሄዶ የማቆሚያውን ክንድ ሲነካ ቀጥ ማለት አለበት። ይህን እምቢ ያለ ሻጭ የሚያውቀው ነገር አለ።

«12 ሜትሩ ካነሰህ ገመድ እንቀጥልልሃለን» የሚለውን በፍጹም አትቀበሉ። የተቀጠለ ገመድ መገጣጠሚያው መጠቅለያው (ገመዱ የሚጠመጠምበት ከበሮ) ላይ ሌላውን ገመድ ይፈጨዋል፤ ለ12 ሜትር በተሠራ መጠቅለያ ላይ 25 ሜትር ሲጫን ደግሞ ጠርዙን አልፎ ይወድቃል። ረጅም ከፈለጋችሁ ከፋብሪካው ረጅም ሆኖ የመጣ ግዙ። መንጠቆው መሬት ሲነካም መጠቅለያው ላይ ቢያንስ ሦስት ዙር ይቅር። ጫፉ በክላምፕ ከታሰረ ሦስት ክላምፕ፣ የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን በአጭሩ ጭራ በኩል፣ ጥርስ ያለው መቀመጫ ጭነቱን በሚሸከመው ገመድ በኩል ይሁን። ተገላብጦ የታሰረ ዩ የሚሸከመውን ገመድ ይቆርጠዋል፤ ሳይት ላይ የምናየው አብዛኛው የተገላበጠው ነው።

«ገጠማ በነጻ» የሚባለውም ይታይ። ለበርና መስኮት የተገዛውን 40 በ40 ቱቦላሬ አንድ ሜትር አስወጥተው ያስሩበታል፤ ጫፉ ላይ 200 ኪሎ ሲንጠለጠል ይታጠፋል። ቢያንስ 60 በ60 ባለ 4 ሚሊ ሆኖ ከሥሩ ሰያፍ ድጋፍ ይኑረው፤ ከአርማታ ኮለን ጋር በቡሎን ይታሰር እንጂ ከባሕር ዛፍ ጋር በሽቦ አይሁን። በክብደት የሚያዝ ከሆነ ወደ ውጭ 1 ሜትር፣ ወደ ኋላ 2 ሜትር አድርጉትና ለ200 ኪሎ ጭነት ኋላ ላይ 300 ኪሎ አሥራችሁ አስቀምጡ። ክብደቱ ሲሚንቶ አይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ግንበኛው አንስቶ ያቦካዋል። አሸዋ ይሁን። ሰው ደግሞ ከካሪዮላው ጋር አብሮ ልውጣ ቢል አይፈቀድ።

ርካሽ ነው ተብሎ የሚቀርበው ባለ 12 ቮልት የመኪና ዊንችም አለ፤ የጀልባ መልህቅ መጎተቻም እንደዚሁ። እነሱ ለመጎተት የተሠሩ ናቸው። የተጻፈባቸው ኪሎ መጠቅለያው ላይ ያልተደራረበው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ሲቀር የሚገኝ ነው፣ ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሲከብዳቸው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስቡ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሳሉ።

ደረሰኙ ላይ «ዊንች 1» ብቻ እንዳይጻፍ። ሞዴሉ፣ የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር፣ በአንድ ገመድ የሚያነሳው ኪሎና ቁመት፣ የገመዱ ውፍረት፣ ጋራንቲው ሞተሩንም የሚጨምር መሆኑ ይጻፍ። የታርጋውን ፎቶም እዚያው ቆማችሁ አንሱ፤ ስቲከር ዝናብ ሲነካው ይለቃል።