ሳሪስ ያሉትን ልብስ ሰፊ አመስግኑልኝ

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ከክፍሉ ወንዶች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ወስጄው የግራ እጁን ራጅ አነሱት። አጥንቱ ከዕድሜው 2 ዓመት ገደማ ወደኋላ ቀርቷል አሉን። አባቱም የረዘመው ዘግይቶ ነው። "በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ስለሆነ አትጨነቂ፤ በየ6 ወሩ እያመጣሽ እንለካዋለን" ተባልኩ። እኔ ተረጋጋሁ። እሱ ግን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው በዛሬው ቁመቱ ነው።

ጥፋቱ የእኔም ነበር። "ያድግበታል" እያልኩ ሁሌ ሰፊ ዩኒፎርም እገዛለታለሁ። የሸሚዙ ትከሻ ክንዱ ላይ ይወርዳል፣ ሱሪው ሦስቴ ይታጠፋል። አጭሩን ልጅ የባሰ አሳጠርኩት። "የወንድምህን ነው የለበስከው?" ይሉት ነበር። ወንድም እንኳ የለውም።

ባለፈው ነሐሴ ሳሪስ ወደሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሄድን። ጋሼ እኔን ትተው እሱን አናገሩት። "ሱሪህ ጫማህ ላይ እንዴት እንዲያርፍልህ ትፈልጋለህ?" ሲለኩት ቁጥሩን ጮክ ብለው አልጠሩም፤ ዝም ብለው ጻፉት። ኃይሌ ገብረሥላሴንም አላነሱም! አጎቶቹ በተገናኙ ቁጥር፣ ኃይሌ በ1.65 ሜትር ቁመቱ ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ረጅሙን ኬንያዊ ሯጭ ቴርጋትን እንዴት እንደቀደመው ይነግሩታል። እውነት ነው፤ ልጁ ግን ሰልችቶታል።

ሥራቸውን ልንገራችሁ። ሌላው ሰፊ ሱሪ አሳጥሩ ሲባል ከታች ቆርጦ ይሰጣል። ያኔ ጉልበቱ ቦታውን ይስታል፣ እግሩም ከታች ይሰፋል። እሳቸው ከወገቡ ፈተው፣ ከጉልበት በታች አጥብበው እንደገና ሰፉት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጡትም። 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው በእጅ ሰፉት። "ስትረዝም ና፣ እፈታልሃለሁ። አላስከፍልህም" አሉት።

አንድ ችግር አላቸው፤ ቀጠሮ። ሐሙስ ካሏችሁ ቅዳሜ ሂዱ። መስከረም ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ቀደም በሉ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳይነግረኝ ብቻውን ሄዶ አስፈትቶ መጣ። አንድ ጣት ያህል ነው። የድሮው እጥፋት መስመር ሱሪው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልተኩስልህና ይጥፋ ብለው እምቢ አለኝ።