ባለ ኢንቨርተር ኤሲ በወበቃማ አካባቢ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀልና ለማቀዝቀዝም ለማሞቅም ስለሚያገለግል፣ 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ኃይል መለኪያ) አቅም ስላለው ባለ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ) ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ ስለሚቀመጥ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። መሣሪያው ወበቅ የሚበረታበትን ወቅትም፣ እርጥብ ብርድ የሚገባበትንም በዚሁ ቤት አሳልፏል። ከእሱ በፊት በመኝታ ክፍሉ የነበረው 18,000 ቢቲዩ የሆነና ኢንቨርተር የሌለው አሮጌ ኤሲ ነበር። አቅሙን በግማሽ መቀነሴን የሰሙ ብዙዎች ተገርመዋል፤ ከግዢው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያስደስተኝ ግን ይኸው ውሳኔ ነው።

ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዝ ሌላ በአየሩ ውስጥ ያለውን ውኃ የማውጣት ሥራ አለበት። ውኃው የሚወጣው በውስጡ አካል ያለው ኢቫፖሬተር (አየሩ የሚያልፍበት ቀዝቃዛ የቱቦ ጥቅል) ከአየሩ የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም እርጥበቱ ወደ ውኃ ጠብታ መለወጥ ከሚጀምርበት ዲግሪ፣ በታች ሲቀዘቅዝ ነው፤ ለምሳሌ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ) ያለው አየር ጤዛ መጣል የሚጀምረው ከ18 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። አቅሙ ከክፍሉ በላይ የሆነ ኤሲ የታዘዘውን ዲግሪ በጥቂት ደቂቃ ያደርስና ኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር) ያጠፋል፤ ኢቫፖሬተሩ ላይ የተንጠለጠለው ውኃ ወደ ትሪው ወርዶ ሳያልቅ፣ ሥራውን ያላቆመው ፋን መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። የሚገኘው ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን አንሶላው ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ የቁም ሣጥኑም ጀርባ ይሻግታል። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት የነደፈው ወረቀቱ በእርጥበት መጠኑን እየቀየረ ኅትመቱን ስላበላሸ ነበር። ዛሬ ግን ሪሞቱ በትልቁ የሚያሳየን ዲግሪን ብቻ ነው፤ እኛም የምንከራከረው በዲግሪ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን የመዘንኩት ከኤሲው ንፋስ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ነው። አሮጌው ኤሲ ክፍሉን 24 ዲግሪ አድርሶ እርጥበቱን ከ70 በመቶ በላይ ይተወው ነበር። አዲሱ በኃይለኛ ወበቅ ቀን ኮምፕረሰሩ ሳይጠፋ ቀስ እያለ ስለሚሠራ በ26 ዲግሪ 55 በመቶ አካባቢ ይይዛል፤ ለእንቅልፍ ይህኛው ከቀድሞው 24 ዲግሪ በብዙ ይሻላል።

ጉድለቱ የሚታየው ቀን ላይ ሳይሆን ዝናብ በጣለበት፣ ሙቀቱም መካከለኛ በሆነበት ሌሊት ነው። ውጭው እርጥብ ሆኖ የሚቀዘቅዝ ብዙ ሙቀት ሳይኖር ሲቀር ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ኢቫፖሬተሩም ወደ ጤዛው ነጥብ ይጠጋና ውኃ ማውጣቱ ይደክማል። ዲግሪው ንቅንቅ ሳይል እርጥበቱ ቀስ በቀስ ወደ 65 በመቶ ይመለሳል። ማስታወቂያዎች የማያነሡት ጉዳይ ይህ ነው። ፋኑን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ማውረድና ዲግሪውን በአንድ መቀነስ ይረዳል፤ ድራይ (ማድረቂያ) የሚባለው አሠራርም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፣ ነገር ግን ብርድ ልብስ እስኪያስፈልግ ድረስ ክፍሉን ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ለብቻው የሚቆም የእርጥበት ማስወገጃ ማሽን ችግሩን ይፈታል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሊትር ውኃ ሲጠራቀም ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል፣ ማሽኑ የሚበላውም ኤሌክትሪክ በዚያው በሙቀት መልክ ይጨመራል። በወበቅ ወቅት ይህን ሙቀት መልሶ የሚያወጣው ያው ኤሲው ነው።

ጥገናን በተመለከተ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በውኃ ማጠብና በደንብ አድርቆ መመለስ ማንም የሚችለው ነው። ዋናው ሥራ ከማጣሪያው ጀርባ ያለው ነው። የፊት ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ መብራት ወደ ንፋስ መውጫው ሳይ፣ ሲሊንደር የሚመስለው የፋኑ መንኮራኩር ምላጮች ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይዘዋል። በጣት ሲነካ የሚለቅና የሚያዳልጥ ነው፤ ኤሲው ሲነሣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚመጣው የሻገተ ሽታም ከዚያው ነው። መንኮራኩሩን ለማውጣት የውስጡን አካል እስከ አጥንቱ መፍታት ያስፈልጋል፤ ለእርጥብ አካባቢ የሚሸጥ መሣሪያ እንዲህ መሠራት አልነበረበትም። ከጠፋ በኋላ ፋኑን ለተወሰነ ጊዜ እያዞረ ውስጡን የሚያደርቀው አሠራር ሻጋታውን በግልጽ ቀንሶታል፤ ጥቂት እርጥበት ወደ ክፍሉ መመለሱን ለዚህ ስል እታገሣለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍሳሽ ቱቦው ነው። ትሪው ውስጥ ከአቧራና ከውኃ የሚፈጠር ዝልግልግ ነገር ቱቦውን ሲደፍን በመጀመሪያ የመንደቅደቅ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቱቦው በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር እያዘቀዘቀ መውረድ አለበት፤ ጫፉም ውኃ ውስጥ መነከር የለበትም። ከውጭ ጫፉ በኩል ውኃ በሚስብ ቫኪዩም መሳብ ከማንኛውም ኬሚካል የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በረኪና ግን የኢቫፖሬተሩን አሉሚኒየም ስለሚበላ አይመከርም። የገጠመው ባለሙያ የመዳብ ቱቦዎቹን መጋጠሚያ በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ ስለሄደ፣ መጋጠሚያው በወበቅ ቀን እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ እያላበ ግድግዳው ላይ ቢጫ እድፍ አውጥቶ ነበር። ወፈር ያለ ጥቁር የፎም ሽፋን ከተደረገለትና ጫፎቹ ከታሸጉ በኋላ ደርቋል።

መሣሪያው የሚጠቀመው ጋዝ አር-32 ነው። ዓለምን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ሲሆን፣ ከእሱ በፊት የተለመደው አር-410ኤ 2,088 እጥፍ ነው። በመጠኑ ተቀጣጣይ በመሆኑ ለሥራው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ጋዙ ከመለቀቁ በፊትም ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ አየርና እርጥበት እንዲወጣለት ቆሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። «በየዓመቱ ጋዝ ይሞላ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ጋዙ በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር ነው፣ በሥራ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነውና ፍሳሹ ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ መጣል ነው።

በብርዱ ወቅት ያው መሣሪያ የጋዙን ዑደት ገልብጦ ከውጭ አየር ሙቀት ይስባል፤ ለስለስ ባለ ብርድ ለወሰደው አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር አይወዳደርም። 18 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት የነበረው ክፍል 22 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ 62 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ውኃው ግን ከክፍሉ አልወጣም፤ ሙቀቱ ያልደረሰበት የግድግዳ ጥግ አሁንም ጤዛ ይይዛል፣ ስለዚህ አልጋና ሣጥን ከውጭ ግድግዳ ራቅ ማለት አለባቸው። ውጭው ወደ ዜሮ ሲጠጋና አየሩ እርጥብ ሲሆን የውጪው አካል በረዶ ይለብሳል፤ በረዶውን ለማቅለጥ ዑደቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲገለበጥ ማሞቁ ይቆማል፣ ከውጪው አካልም ጭስ የሚመስል እንፋሎት ይወጣል። ብልሽት አይደለም፤ ጎረቤትን ግን አስቀድሞ ማሳወቅ ሳይሻል አይቀርም።

ለሳሎን ሌላ ስገዛ ይህንኑ ሞዴል አልደግመውም። የምፈልገው ከዲግሪው ጎን እርጥበትንም በመቶኛ ማዘዝ የሚቻልበትንና የፋኑ መንኮራኩር ያለ ባለሙያ የሚወጣውን ነው። ለመኝታ ክፍሉ ግን ይህኛው በቦታው ይቆያል።