ስለ ንጥቀት የገዛኋት መጽሐፍ፦ የአንድ ወፍጮ ቤት ሰው አስተያየት

ቢቸና ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከረጢት ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አነባለሁ። ለፋሲካ ባሕር ዳር እኅቴ ዘንድ ከርሜ ስመለስ፣ ስለ ንጥቀት፣ ማለትም ጌታ ሲመጣ አማኞች ወደ እርሱ ይነጠቃሉ ስለሚለው ትምህርት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ አቀርባለሁ የምትል 96 ገጽ መጽሐፍ በ200 ብር ገዛሁ።

ጥረዛዋ አሳፋሪ ነው። ገና ሞጣ ሳንደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ነፋስ ገባና፣ ጎን ለጎን ከነበሩት ሁለት ቅጠሎች አንዱ ተወሰደ አንዱ ቀረ። ፊደሏም ደቃቅ ነው።

መሠረቱን ግን በደንብ ጥላለች። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥17ን፣ «ጌታን በአየር ለመቀበል ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን» የሚለውን ይዛ አትለቅም። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ሙታናቸውን ለሚያለቅሱ ሰዎች ማጽናኛ እንደሆነ ታስታውሳለች፤ በእኛ በወንጌላውያን መድረክ ይህ ተረስቶ ማስፈራሪያ ሆኗል። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥51-52ን አስከትላ፣ ሳይሞቱ የተወሰዱትን ሄኖክንና ኤልያስን የንጥቀት ጥላ (ምሳሌ) አድርጋ ታቀርባለች። እስከዚህ ተስማምተናል።

የተጣላነው ወፍጮዬ ላይ ስትደርስ ነው። «ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ፤ አንዲቱ ትወሰዳለች» የሚለውን ማቴዎስ 24፥41ን ያለ ምንም ማብራሪያ ለንጥቀት ትሰጠዋለች። ሁለት ቁጥር ከፍ ብላ ብታነብ፣ በኖኅ ዘመን «የጥፋት ውኃም መጥቶ ሁሉን እስከ ወሰደ ድረስ» ይላል። እዚያ የተወሰደው የጠፋው ነው፤ የቀረው ኖኅ ነው። ታዲያ ወፍጮ ላይ መቅረት ይሻላል ማለት ይሆን? ቢያንስ ጥያቄውን ማንሳት ነበረባት።

ንጥቀቱ በዘመን መጨረሻ ይመጣል ከሚባለው ታላቅ መከራ በፊት ነው ለማለት የምትደገፈው ራእይ 3፥10 ላይ ነው፤ «ከፈተናው ሰዓት እጠብቅሃለሁ»። ዮሐንስ 17፥15 ላይ ግን ጌታ «ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም» ብሏል። መጠበቅ ሁልጊዜ ማውጣት አይደለም። ይህን ትምህርት በሥርዓት ያስፋፋው ጆን ኔልሰን ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የተነሳ ሰው መሆኑን፣ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ባለ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስም በሰፊው እንዳሰራጨው አንዲት መስመር አልጻፈችም። ደብቃ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ግን ይጎድላል።

አንድ ቀን መሪጌታ ጤፋቸውን ሊያስፈጩ መጥተው መጽሐፏን አገላበጡ። እሳቸው የኛን ቤት ሰዎች ባይወዱም እኔን ይታገሡኛል። «በግዕዝ መሠጠ ማለት ነጠቀ ነው፤ ቃሉ የኛም ነው፣ አልክድህም» አሉ። ከዚያ በጣታቸው «ለመቀበል» የሚለውን ነኩና፦

«አንተ ልጅ፣ እንግዳ ለመቀበል ስትወጣ ከእንግዳው ጋር ወደ አገሩ ትሄዳለህ ወይስ ይዘኸው ወደ ቤት ትገባለህ?»

«ይዤው እገባለሁ፣ የኔታ።»

«አሥሩ ቆነጃጅትስ? ‹ትቀበሉት ዘንድ ውጡ› ተብለው፣ የተዘጋጁት ከሙሽራው ጋር ወዴት ገቡ?»

እኔም ዮሐንስ 14፥3ን አነሳሁባቸው፤ «ወደ እኔ እወስዳችኋለሁ» ይላል፣ ያውም ከአባቱ ቤት መኖሪያ ጋር። ዝም አሉ። ወዲያው መብራት መጣና ሞተሩ ጮኸ፤ መልሳቸውን አልሰማሁም።

ስለ ትንሣኤው ተስፋ የጻፈችውን ለማንበብ ግዟት። ስለ ጊዜው የምትለውን ግን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገብ ዘርግታችሁ እንጂ እንዲሁ አትቀበሏት። ብር ከከፈላችሁ በኋላ እዚያው ባንኮኒ ላይ ቅጠሎቿን ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ሞክሩ፤ ሻጩ ቢቆጣም።