የፖሊመር ክሌይ ዶቃ፦ የትኛውን ክሌይ፣ የትኛውን ፊኒሺንግ እንግዛ?

ፖሊመር ክሌይ ሊገዛ የሚነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ግን ከመጨረሻው ጀምሩ እላለሁ። ዶቃው ሥራው ሲያልቅ ምን እንዲመስል ነው የምትፈልጉት? ፊት የሚያሳይ አንጸባራቂ? ለዘብ ያለ ወዝ ያለው? ወይስ ጭራሽ የማያብረቀርቅ? የትኛውን ክሌይ እንደምትገዙ፣ የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ፣ ቀዳዳውን መቼ እንደምታወጡ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። ለአንዱ ፊኒሺንግ (ለአንዱ የመጨረሻ ገጽታ) ተመራጭ የሆነ ክሌይ ለሌላው ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ክሌዩ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ክሌይ ይባል እንጂ የሸክላ አፈር አይደለም። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ በዱቄት መልክ፣ ከሚያለሰልሰው ፈሳሽና ከቀለም ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። አየር ላይ ስለተቀመጠ አይደርቅም። የሚጠነክረው ሙቀት አግኝቶ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲዋሃዱ ነው። ከታች የምላቸው ብዙ ነገሮች ከዚህ ይነሳሉ።

ፊኒሺንጉ፦ እንዳለ መተው፣ መፈግፈግ፣ ቫርኒሽ ወይስ ዩቪ ሬዚን?

እንዳለ መተው የሚናቅ ምርጫ አይደለም። በደንብ የተጋገረ ፖሊመር ክሌይ ውሃ አያሸንፈውም። ስለዚህ «ውሃ እንዳያበላሸው» ብሎ ቫርኒሽ መግዛት አያስፈልግም። መሸፈኛ የግድ የሚሆነው ዶቃው ላይ የሚያብለጨልጭ ዱቄት፣ ስስ የብረት ቅጠል ወይም ቀለም ካደረጋችሁ ነው። እነዚህ ሳይሸፈኑ ከቀሩ መነካካት ሲበዛባቸው ይለቃሉ። ዶቃውን እንዳለ ለመተው ካሰባችሁ ግን ሥራው ከመጋገሩ በፊት ነው። ጣታችሁን ትንሽ የበቆሎ ስታርች አስነክታችሁ ዶቃውን በቀስታ ብታሻሹት የጣት አሻራው ይጠፋል። ወይም ደግሞ በጥርስ ብሩሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ያኔ ላዩ ሆን ተብሎ የተሠራ ሻካራነት ይኖረዋል።

ፈግፍጎ መወልወል በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ጊዜ ይበላል፤ ውጤቱ ግን አይላጥም፣ አይሰነጠቅም፣ አይቢጫም። ምክንያቱም ላዩ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። የሚያበራው ክሌዩ ራሱ ነው። ስትገዙ ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት ምረጡ። ደረቁን አትግዙ። ውሃ ውስጥ ሲፈገፈግ አቧራው አይነሳም፣ ሳንባም ውስጥ አይገባም፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። የወረቀቱ ቁጥር ከፍ ሲል ልስላሴው ይጨምራል። በ400 ቁጥር ጀምሩ፤ ከዚያ 600፣ 800፣ 1000። ለዘብ ላለ ወዝ እዚህ ላይ ቆማችሁ በጅንስ ጨርቅ ጠንከር አድርጋችሁ ብትወለውሉት በቂ ነው። መስታወት የመሰለ ነገር ከፈለጋችሁ ግን እስከ 2000 መሄድ አለባችሁ። ቁጥር መዝለል አያዋጣም። የ400ው ጭረት በ1000 አይጠፋም፤ ዶቃው ካበራ በኋላ ነው ጎልቶ የሚታየው።

የኤሌክትሪክ መወልወያ መግዛት አለብኝ ወይ? ዶቃ አልፎ አልፎ ለምትሠሩ ጅንሱ ይበቃል። በብዛት ለምትሠሩ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መንኮራኩር ያለው ማሽን በሰከንዶች ውስጥ ጅንስ የማይሰጠውን ብርሃን ያወጣል። ጉዳቱ ደግሞ ዶቃውን ከእጅ ነጥቆ ሊያስፈነጥረው መቻሉ ነው። መነጽር ይደረግ፣ ፀጉር ይታሰር፣ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ደግሞ በጭራሽ አይጠጋ። አንድ ቦታ ላይ ከቆየም ሙቀቱ ላዩን ያበላሻል።

ቫርኒሽ የሚመረጠው መሸፈን ያለበት ነገር ሲኖር ወይም ለመፈግፈግ ጊዜ ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሃ ላይ የተመሠረተ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ግዙ። የጥፍር ቀለም ግን አይሆንም። ቤት ውስጥ ስላለ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ነገር ግን ውስጡ ያለው ማሟሚያ ክሌዩን ከሚያለሰልሰው ፈሳሽ ጋር ይጣላል። ዶቃው መጀመሪያ ደህና ይመስልና ቆይቶ እጅ ላይ የሚጣበቅ ይሆናል። አብዛኞቹ የሚረጩ ቫርኒሾችም ያው ናቸው፤ ቆርቆሮው ላይ «ለፕላስቲክ ይሆናል» ስለተባለ ብቻ አትመኑት። ቫርኒሹን ከመቀባታችሁ በፊት የእጅ ቅባት እንዲለቅ ዶቃውን በአልኮል ጥረጉት። ጠርሙሱንም አትነቅንቁት፤ አረፋው ዶቃው ላይ ይደርቃል። አንድ ወፍራም ቅብ ከምታደርጉ ሁለት ስስ ይሻላል።

ዩቪ ሬዚን በአልትራቫዮሌት መብራት የሚጠነክር ፈሳሽ ነው፤ የሚሰጠው ብርሃን በቫርኒሽ አይገኝም። ጥልቀት አለው፤ ላዩም እብጥ ብሎ ሌንስ ይመስላል። ችግሩ ዶቃ ክብ መሆኑ ነው። ሬዚኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ይጠራቀማል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለዚህ ለጠፍጣፋ ዶቃና ለጆሮ ጌጥ ግዙት፤ ለድቡልቡል አልመክርም። መብራቱም ለብቻው ይገዛል። ስትመርጡ ከሬዚኑ ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ፤ አብዛኞቹ ሬዚኖች የሚጠነክሩት የሞገድ ርዝመቱ ከ365 እስከ 405 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ነው። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያስነሳል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አይለቅም። የናይትራይል ጓንት፣ ክፍት መስኮት፣ ይህ የማይታለፍ ነው። ጊዜ ሲሄድ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሬዚንም አለ፤ ነጭ ዶቃ ላይ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል።

ክሌዩስ?

አሁን ወደ ክሌዩ እንምጣ። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኟቸውን ነው የማወዳድረው።

ስካልፒ 3 ለልጆችና ለመለማመድ ጥሩ ነው። ገና ከፓኬቱ ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ማሸት አያደክምም። ከተጋገረ በኋላ ግን ስስ ቦታው ቶሎ ይሰበራል። ድቡልቡል ዶቃ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። ጠፍጣፋና ስስ ነገር ላይ ግን ይጎዳል።

ፕሪሞ የዚያው ኩባንያ ምርት ነው፤ እኔ ለጀማሪም ለለመደም የምመርጠው እሱን ነው። ጥንካሬም ትንሽ መተጣጠፍም አለው፣ በወረቀት ሲፈገፈግም በደንብ ይወለወላል። በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ (ከታች ያሉትም ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው)፣ ለእያንዳንዱ 6 ሚሊሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ ይጋገራል።

ሱፍሌም ከዚያው ቤት ነው። ሲጋገር ላዩ ወዝ የሌለው፣ ቆዳ የሚመስል ነገር ሆኖ ይወጣል። ዶቃችሁን እንዳለ ልትተዉ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። ማብረቅረቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ያለ ቦታው መግባት ነው።

ፊሞ የጀርመኑ ስቴድለር ምርት ነው። ሶፍት የሚለው ለእጅ ይቀላል። ፕሮፌሽናል የሚለው ጠንከር ይላል፤ ክሌዩን እንደ ዘንግ አድርገው ንድፍ በውስጡ ለሚሠሩና ስስ ስስ እየቆረጡ ለሚጠቀሙ የንድፉ መስመር አይዝረከረክባቸውም። ሁለቱም በ110 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገራሉ።

ሰርኒት የቤልጂየም ነው። ብርሃን በትንሹ ያሳልፋል፤ ሲጨርስ ሸክላ ሳህን የሚመስል ልስላሴ አለው። በጣም ጠንካራም ነው። ግን የእጅ ሙቀት ቶሎ ያለሰልሰዋል። እጃችሁ ሞቃት ከሆነ ቅርጹን ከያዛችሁ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አሳርፉት፤ ያለዚያ ቀዳዳ ስታወጡ ይጨፈለቃል።

ካቶ ፖሊክሌይ የጠንካራ እጅ ክሌይ ነው። ከፓኬቱ ሲወጣ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፤ ሳይታሽ አይገራም። ሽታውም ከሌሎቹ ይለያል። አንዴ በ150 ዲግሪ ከተጋገረ ግን ጥንካሬውና ሲወለወል የሚያወጣው ብርሃን ድካሙን ይክሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም፤ ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጠዋል።

አንድ ዶቃ ላይ ሁለት ዓይነት ክሌይ መቀላቀል ይቻላል። ብቻ የመጋገሪያ ሙቀታቸው ካልገጠመ ከፍ የሚለው ላይ ስትጋግሩት ዝቅ የሚለው ቀለሙ ሊቀየር ይችላል። ነጭና ብርሃን አሳላፊ የሆኑት ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ይጠይማሉ።

ቀዳዳው፦ ከመጋገር በፊት ወይስ በኋላ?

ከመጋገር በፊት በመርፌ መብሳት ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ግን ቅርጽ ይበላሻል። መርፌውን እያዞራችሁ ከአንድ ወገን አስገቡት፤ ጫፉ ብቅ ሲል አውጡትና ከወዲያኛው ወገን ግቡ። እንዲህ ሲሆን የቀዳዳው አፍ አይቦጨቅም። ንድፍ ለተሠራበትና ለለስላሳ ክሌይ ግን ከተጋገረ በኋላ መሰርሰር ይሻላል። ትንሽ የእጅ መሰርሰሪያና ባለ 1 እና ባለ 2 ሚሊሜትር ፑንታ ካላችሁ ሌላ አያስፈልግም። ትልቁ የቤት ድሪል ዶቃን ይሰነጥቃል፣ ጣትንም አይምርም። መነሻ የሚሆን ትንሽ ጠባሳ ገና ሳይጋገር በመርፌ ካበጃችሁለት ፑንታው አይንሸራተትም። የምትሰኩበትን ክር አስቀድማችሁ ያዙ፤ የቆዳ ክር በቀጭን ሽቦ ቀዳዳ አያልፍም።

የተበሱ ዶቃዎችን ለመጋገር ዘንግና ማስቀመጫ ያለው መደርደሪያ ይሸጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ዶቃው ምንም ስለማይነካ ጠፍጣፋ ቦታ አያወጣም። ካልገዛችሁም ወረቀት እንደ ማራገቢያ አጣጥፋችሁ በሸለቆዎቹ ውስጥ ደርድሩ፣ ወይም የበቆሎ ስታርች ላይ አስተኟቸው። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ በቀጥታ ከተቀመጡ የነካው ቦታ ያብረቀርቃል፤ ያንን ደግሞ መፈግፈግ ካልሆነ የሚያጠፋው የለም።

ኦቨኑና የሙቀት መለኪያው

ትልቁ የቤት ኦቨን ሙቀቱ ብዙ አይዋዥቅም። ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን ግን ማሞቂያ ሽቦው ለዶቃው ስለሚቀርብ ድንገት ያቃጥላል። የትንሹ ጥቅም ለክሌይ ብቻ መሆን መቻሉ ነው። በብዛት ለምትሠሩ ሰዎች ትንሹን ገዝቶ ከኩሽና ማውጣት ደግ ነው። አልፎ አልፎ ለምትሠሩ የቤቱ ኦቨን ይበቃል፤ ምግብ አብሮ አይግባ፣ ትሪው በፎይል ይከደን፣ መስኮት ይከፈት። ማይክሮዌቭ አይታሰብም።

በየትኛውም ብትጋግሩ የኦቨን ቴርሞሜትር ግዙ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል እሱን ነው የምለው። የኦቨን ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሙቀቱ ካነሰ ቅንጣቶቹ ሳይዋሃዱ ይቀራሉ፤ ዶቃው ጠንካራ ይመስላል፣ ሲወድቅ ግን ለሁለት ይከፈላል። ከበዛ ይጠቁራል፤ ጨርሶ ከተቃጠለ ፒቪሲው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ያኔ ኦቨኑን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ። በትክክለኛው ሙቀት ላይ ደቂቃ መጨመር ግን አይጎዳም፤ ያጠነክረዋል እንጂ። ለመፈተን ከዚያው ክሌይ ስስ ቁራጭ አብራችሁ ጋግሩና ሲቀዘቅዝ እጠፉት። ቀጭ ካለ ሙቀቱ አልበቃውም።

ማሽኖችና መጠን

የፓስታ ማሽን ካቶን ወይም ፊሞ ፕሮፌሽናልን ለሚጠቀም ሰው ድካም ይቀንሳል። ለተቀረው የአክሪሊክ መዳመጫ በቂ ነው። ማሽኑን ከገዛችሁት ምግብ ከእንግዲህ አይነካውም።

ዶቃዎችን እኩል የሚያወጣ ልዩ ማድቦልቦያም አለ። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፦ ክሌዩን በአንድ ውፍረት ዳምጡት፣ በአንድ ክብ መቁረጫ ቁረጡት፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በመዳፋችሁ አድቦልብሉት። መጠናቸው እኩል ነው የሚሆነው።

ትንሹ ፓኬት 57 ግራም ገደማ ነው፣ ትልቁ 454። ትልቁን መግዛት የሚያዋጣው ነጭ፣ ጥቁርና ብርሃን አሳላፊው ላይ ነው፤ ሌላውን ቀለም እየቀላቀላችሁ ታወጡታላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ፓኬቱን በጣታችሁ ጫን በሉት። ድንጋይ ከሆነ ሙቀት ያገኘው ወይም የቆየ ነው፤ መልሱት። ቤት ስታስገቡ ደግሞ ጠርዙ ቀጭ ቀጭ የሚል ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጥሬው ክሌይ ያንን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ዕቃ ይስማማዋል።