ቴሰራክት፦ የአማርኛ ወረቀት አንባቢው ሶፍትዌር ከወራት ሥራ በኋላ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ከመስከረም ጀምሮ ቴሰራክትን ሳልከፍተው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ስካን የተደረገ ወረቀት አንብቦ ሊስተካከል ወደሚችል ጽሑፍ ይቀይራል። ነጻ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን አማርኛንም ያነባል።

ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2014ቱ ጦርነት ከየቤቱና ከየቢሮው ስንት ወረቀት ጠፋ! ዛሬም ሰው የቀረችውን አንድ ኮፒ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። የቅሬ (የዕድር) ደንብ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የውርስ ወረቀት።

ቴሰራክት ብቻውን የሚሠራው ትእዛዝ እየተጻፈለት ነው። ስለዚህ ጂ ኢሜጅ ሪደር በተባለው ፕሮግራም በኩል ነው የምጠቀምበት፤ በማውዝ ብቻ ይሠራል። አማርኛ እንዲያነብ የሚያስችለው ፋይል አንዴ ከወረደ ኔት አይፈልግም። ኔት ሲጠፋ ሥራዬ አይቆምም፣ የደንበኛ ሚስጥርም ከላፕቶፔ አይወጣም። የጎግል ዶክስ ማንበቢያ የደበዘዘ ወረቀት ላይ ይሻላል፤ ግን የሰው ውል ኢንተርኔት ላይ መጫን አልወድም።

በኮምፒውተር ተጽፎ በደንብ የታተመ ገጽ ከሆነ ውጤቱ ያስደስታል። በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፣ ወረቀቱ አይጣመም። ከዚያ ማረም ብቻ ነው የሚቀረው፤ ከመተየብ በብዙ ይቀላል።

ችግሩ የኮፒ ኮፒ ሲመጣ ነው። ከፊደሉ ጎን ያለችው ትንሽ ሰረዝ ትጠፋና ቡ በ ይሆናል፣ ጡ ጠ ይሆናል። «ገንዘቡን ሰጡ» የሚለው «ገንዘቡን ሰጠ» ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ አይዘውም። ሁለት ሰዎች የከፈሉት በአንድ ሰው ስም ቀረ ማለት ነው! ስለዚህ ስም፣ ቀንና የብር መጠን ያለበትን መስመር ከኦርጅናሉ ጋር ፊደል በፊደል ሳላመሳክር አላስረክብም። ሥራውን ለልጆች የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

ማህተም ያረፈበት ቦታ ዝብርቅርቁ ይወጣል። በድሮ ታይፕ የተመታ ወረቀትም ያስቸግረዋል፤ ምልክቱ ከፊደሉ ተለያይቶ ስለሚያርፍ አንዱን ፊደል ሁለት አድርጎ ያነበዋል። እንዲህ ያለውን ከባዶ መተየብ ይቀላል። የእጅ ጽሑፍ ጭራሽ አይሞከርም።

በጣም የሚቆጨኝ ሼኾቹ የሚያመጡት የመንዙማ ደብተር ነው። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ፣ ያውም በእጅ የተጻፈ። አማርኛውም ዐረብኛውም ፋይል አያውቀውም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር በየቤቱ አለ፤ ወረቀቱ ደግሞ እያረጀ ነው። የሶፍትዌር ሙያ ያላችሁ ልጆች ብትሠሩበት ደስታዬ ነው። እስከዚያው ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) እያነበበልኝ እተይባለሁ።