ብሬን ከፈልኩ፣ ብሩ እሱ ጋ ቀረ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ የእናት ወይም የአያት ጌጥ ቤታችሁ ያለ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። “ብር እናለብሳለን” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጃችሁን ቶሎ ወደ ቦርሳ አትስደዱ። እኔ ሰድጄ ነው የምጽፈው።

አንድ እሁድ አሞራ ገደል አሳ በልተን ስንመለስ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አየን። ፊቱ የመስታወት ማሰሮ፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ጨርቅና ነጭ ዱቄት አለ። ማሰሮው ውስጥ ያለው ውሃ ነው የሚመስለው፣ ጥርት ያለ። ከመብራት ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ ነከረበት። ቀዩ ሽቦ ወዲያው ግራጫ ሆነ። በጨርቁ ሲያሸው ብልጭ አለ።

“እህቴ፣ በዓይንሽ አየሽ አይደል? እውነተኛ ብር ነው። አስር ዓመት አይለቅም።”

እጄ ላይ የእማዬ የመዳብ አምባር ነበር። አወለቅኩት። መዘነው፣ 40 ግራም። ክፍያው በሚጨምረው ግራም ነው አለኝ። ሚዛን አይዋሽም ብዬ ተስማማሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አምባሩ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ግራጫ ጸጉር በቀለ። ውሃውም ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ሄደ። “ይሄ ምንድነው?” ስለው “ቆሻሻው እየወጣ ነው” አለ። አወጣውና እርጥቡን መዘነው፣ 43 ግራም። የ3 ግራም ብር ሂሳብ ተቀበለኝ፣ “የማጽጃ” ብሎም ትንሽ ጨመረበት። ከዚያ እዚያው ማሰሮ ውስጥ አለቀለቀው፣ በዱቄቱ ወለወለው፣ ሰጠኝ። ያምራል፣ አልዋሽም።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መዘነ፣ ተቀበለ፣ ከዚያ አለቀለቀ። ብሩ ያ ጸጉር ነበር! አምባሩን በደንብ አይዝም፣ ሲነቃነቅ ይረግፋል። ረግፎ የወረደው ደግሞ የልጁ ማሰሮ ውስጥ ነው። በናይትሪክ አሲድ ቢያሟሟው ለሚቀጥለው ሞኝ ይሆነዋል። ከ3ቱ ግራም ደግሞ የተወሰነው ተራ ውሃ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የአምባሩ ጠርዝ ቀላ፣ እጄም አረንጓዴ ሆነ።

የሚያናድደኝ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ሲንግል ዲስፕሌስመንት ሪአክሽን፣ ማለትም አንዱ ብረት ሌላውን አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ፤ መዳብ ሲደመር ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው)። ጥርት ያለው ውሃ ውስጥ ብሩ ድሮውንም ሟሙቶ አለ። መዳብ ከብር ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላል። ስለዚህ አንድ የመዳብ አቶም ወደ ውሃው ሲገባ ሁለት የብር አቶሞች ወጥተው ይቀመጣሉ። በክብደት ሲሰላ 1 ግራም መዳብ ሲሟሟ 3.4 ግራም ገደማ ብር ይወጣል። ውሃውን ሰማያዊ የሚያደርገው የሟሟው መዳብ ነው። ቆሻሻ የተባለው የእማዬ አምባር ነበር ማለት ነው። ሲሟሟ እያየሁ የማጽጃ ከፈልኩበት።

ልጁ “እውነተኛ ብር ነው” ሲል አልዋሸም፣ ወጥመዱም እሱ ነው። ብሩ እውነተኛ ቢሆንም አይወፍርም። መዳቡ በብር ሲሸፈን ከውሃው ጋር መገናኘቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ብርም እንደዚያ ጸጉር ይበቅላል እንጂ አይጣበቅም። ከመዳቡ ላይ የሚጣበቀው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አይበልጥም፣ የሰው ጸጉር እንኳ 50 እና ከዚያ በላይ ነው። ወፍራም ብር የሚለበሰው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ወይም ሽቦ የተገጠመበት ነገር ካላያችሁ፣ ስለ አስር ዓመት የሚነገራችሁን አትስሙ።

ስለ ፈሳሹ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ጠብታ ጣቴን ነክቶኝ በማግስቱ ጠቆረ፣ ሳሙና አላስለቀቀውም። ዓይን ውስጥ ቢገባማ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ ልጆች አታስጠጉ። የሜርኩሪ ጨው የሟሟበት ፈሳሽም መዳብን ልክ እንደዚሁ ያነጣል፣ እንዲያውም የበለጠ ያበራዋል። እሱ መርዝ ነው። ስለዚህ እንዲህ የተነከረ ጌጥ “ልፈትነው” ብላችሁ እሳት ላይ እንዳታደርጉ፣ መርዙን ከትነቱ ጋር ትተነፍሱታላችሁ።

የተነከረ መዳብ ንጹህ ብር ተብሎ ሊሸጥላችሁም ይችላል። በዓይን አትለዩትም፣ በውሃ ግን ትለያላችሁ። ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጌጡን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታች ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። 40 ግራም የሚመዝን መዳብ 4.5 ገደማ ያሳያል፣ 925 የሚባለው (92.5 በመቶው ብር የሆነው) ግን 3.9 ገደማ። ውስጡ ክፍት ለሆነ ጌጥ ይህ አይሠራም። ጠገራ ብር የምትገዙ ደግሞ፣ እውነተኛው ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ነው። በመዳብ ልክ በዚያው መጠን ቢሠራ 25 አካባቢ ነው የሚመዝነው።

ልጁን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጠረጴዛውም የለም። አምባሩን በአመድ ፈትጌ ወደ ድሮ ቀለሙ መለስኩትና ወርቅ ሰሪ ጋ አስመዘንኩት። 39.4 ግራም ሆኗል። ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።