ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ «በቀን ሁለት ፓርክ» የሚላችሁን ሻጭ እንዳትሰሙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ «ፓርክ ሆፐር ካልገዛችሁ ጉዞው ከንቱ ነው» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ስልኩን ዝጉበት።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «የቤተሰብ ፓኬጅ» እያለ የሚለጥፈው። በጽሑፍ ስትጠይቁት በጽሑፍ የማይመልሰው፣ «አንዴ ልደውልልዎት» የሚለው። ገንዘቡ እስኪገባለት ድረስ እርስዎ ነበርኩ፣ እመቤቴ ነበርኩ። በገባ ማግስት አንቺ ሆኜ አረፍኩት።

ሆፐር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚያ አራት ፓርኮች አሉ፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። ተራው ቲኬት በቀን አንዱን ብቻ ነው የሚያስገባው። ሆፐር የተጨመረበት ግን በአንድ ቀን ከአንዱ ወጥታችሁ ሌላው ጋ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ጭማሪው «ለማክሰኞ ብቻ» ተብሎ አይሸጥም። ቲኬቱ ላይ ላሉት ቀናት በሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ቲኬት ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው የልጅ ዋጋ ይከፍላል፤ የልጅ ዋጋ የሚሉትም ከአዋቂው እምብዛም አይርቅም። የአራት ዓመቷ ልጄ እንደ አባቷ ተከፈለላት ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት የሆነው ትንሹ በነፃ ገባ።

አሁን የሰውዬውን ንግግር ስሙልኝ። «በሮቹ ፊት ለፊት ናቸው። ከአንዱ ወጥታችሁ ሌላው ጋ ለመግባት ቢበዛ አምስት ደቂቃ በእግር ነው» አለን። ፎቶም ላከ። ሰፊ አደባባይ፣ ወዲያና ወዲህ የመግቢያ በር። ቀጠለና «ድሮ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መዘዋወር ክልክል ነበር፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ግን በፈለጋችሁት ሰዓት ሆኗል» አለ። ይሄኛው እውነት ነው። ዘዴው እሱ ነው፤ አንድ የሚጣራ እውነት ጣል ያደርግና ሌላውን ከኋላው ያስከትላል። ገንዘባችንን ያስወጣችው ግን የመጨረሻዋ ናት፦ «አሁን ካልጨመራችሁ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አይቻልም። ሲስተሙ ይዘጋል።»

ሲስተሙ ይዘጋል! ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ከክፍያው በኋላ ፕሮግራም አውጥቶ ላከልን። ጠዋት ማጂክ ኪንግደም፣ ከሰዓት አኒማል ኪንግደም። ፓርኮቹን የሚያውቅ ሰው ይሄን ፕሮግራም ሲያይ ይስቃል። ማጂክ ኪንግደም ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ነገር ከሁሉም በላይ የሞላበት ነው። ዱምቦ የሚሉት የዝሆን መጫወቻ አለ፣ የፒተር ፓን በረራ አለ፣ የሚሽከረከሩት የሻይ ስኒዎች አሉ። አንዳቸውም ቁመት አይጠይቁም። አኒማል ኪንግደም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ቀድሞ የሚዘጋው ነው። እንግዲህ ለሕፃናት የሚሆነውን ቦታ በእኩለ ቀን ትታችሁ ለመዝጋት ወደ ተቃረበው ሂዱ ነው ያለን።

ሄድን። ልጄ ከዱምቦ ወርዳ «ድገሚኝ» እያለች ነው እጇን ይዤ ያስወጣኋት። ወደ መውጫው መሄድ ብቻውን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ እናንተ ወደ ውጭ። ከበሩ ወጥታችሁ አውቶቡስ ማቆሚያ። ወረፋ። ትንሹ ጋሪው ውስጥ ገና መተኛቱ ነው፤ አውቶቡሱ ላይ ጋሪ ታጥፎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ማንሳት። ነቃ። ከመንቃቱ ጩኸቱ። ባሌ በአንድ እጁ የታጠፈ ጋሪ፣ በሌላው የዳይፐር ቦርሳ ይዞ ቆሞ፣ ያን «ፊት ለፊት በር» ፎቶ ከስልኩ አወጣና አጉልቶ አየው። ከዚያ ዝም ብሎ ወደኔ ዘረጋው።

በሩ ላይ «ካሊፎርኒያ አድቬንቸር» ይላል።

ፎቶው የፍሎሪዳ አይደለም። አናሃይም ካሊፎርኒያ ያለው የዲዝኒላንድ ነው። እዚያ እውነትም ሁለት ፓርኮች በአንድ አደባባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ልጅ እያጫወታችሁ ትሻገራላችሁ። እኛ የቆምንበት ግን ከዚያ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የፍሎሪዳው ግቢ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማጂክ ኪንግደም ኤፕኮት ሞኖሬል የሚሉት ባቡር አለ፤ እሱም መሃል ላይ ተወርዶ ሌላ መስመር ይያዛል። ወደ አኒማል ኪንግደም ያለ አውቶቡስ ወይም ያለ መኪና አይደረስም። ለእኛ ከበር እስከ በር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ስትደርሱ ደግሞ እንደ አዲስ ፍተሻ፣ እንደ አዲስ ቲኬት ማሳየት።

ውስጥ ስለሆነው ብዙም የምለው የለኝም። ሁለቱም ልጆች አብቅቶላቸዋል። የትልቋ ቁመት አንድ ሜትር ላይ ነው፤ ትልልቆቹ መጫወቻዎች፣ ኤቨረስት የሚሉትም የአቫታሩ በረራም፣ 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። የሳፋሪው መኪና ሁሉንም ይጭናል፤ ወረፋውን ሳየው ግን እንኳን እሷ እኔም ልቤ ሸሸ። እሷማ አስፋልቱ ላይ ተዘርራ «ዱምቦ» እያለች አለቀሰች።

ባሌ ልጆቹን ይዞ ጥላ ስር ተቀመጠ። እኔ ወደ እንግዳ ማስተናገጃው ሄድኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ሆፐሩ ለቀሪዎቹ ቀናት ይነሳልኝ፣ ልዩነቱ ይመለስልኝ። ሠራተኛዋ ቲኬቶቹን አየች። ትሁት ናት፤ በሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። አንዴ የተጨመረ ሆፐር አይቀነስም አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት «ለሌላ ጊዜ ተራውን ቲኬት ይግዙ። ካስፈለገ እዚህ መጥተው ወይም በስልክዎ መተግበሪያ ልዩነቱን ከፍለው ይጨምራሉ» አለች።

«ጉዞው ከተጀመረ በኋላም?» አልኳት።

«ቲኬቱ ቀን እስካለው ድረስ» አለች።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ባሌም ይስማ ብዬ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሁሉንም በተረጋጋ ድምፅ ነገርኩት፤ ፎቶውን፣ አውቶቡሱን፣ ሠራተኛዋ ያለችውን። «ቆይ አንዴ ሲስተም ላይ ልይልሽ» አለና ስልኩን አስቀመጠው። ድምፁን ያጠፋ መስሎታል። አላጠፋም።

«ማናት?» አለች አንዲት ሴት።

«ያቺ የሆፐሯ» አለ። «ልጆቼ ደከማቸው ትላለች። ልጅ ከያዝሽ ታዲያ ቤትሽ አትቀመጪም?»

ሴትየዋ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ ሻይ እያማሰለ ነው። ተረጋግቶ፣ አንድ ሁለቴ ዙሮ፣ ማንኪያውን ጫፍ ላይ መታ መታ አድርጎ አስቀመጠው። እኔ በዚህ በኩል ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ባሌ ቀና ብሎ ያየኛል። ከዚያ ስልኩን አነሳና ድምፁን አለስልሶ «እህቴ፣ ሲስተሙን አይቼልሽ ነበር፤ እንደማይቻል ነው የሚያሳየው» አለኝ።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

ሰው እንዲህ ሲባል ትንሽ እንኳን ይደነግጣል ብዬ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ባሰበት። «ሌሎች ደንበኞቼ በቀን ሦስት ፓርክ ያዳርሳሉ። እናንተ ካልቻላችሁ የኔ ጥፋት ነው?» አለ። የካሊፎርኒያውን ፎቶ ለምን ላክህልን ስለው «ዲዝኒ ዲዝኒ ነው» ብሎ ዘጋው። ደግሜ ስደውል አያነሳም። ማታ ላይ ቴሌግራሙን ከፈትኩት፤ ብሎክ አድርጎኛል።

ከገንዘቡ በላይ ያበገነኝ ሻዩ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ ለማስመሰል አልደከመም። የሲስተም ነገር ሲጀመርም አልነበረም፤ ያኔም «ይዘጋል» ያለኝ እንዲሁ ሻይ እያማሰለ ይሆናል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሆፐር በራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም። ልጆቻቸው ያደጉ፣ ወይም ልጅ የሌላቸው ሰዎች ይጠቀሙበታል። በተለይ ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ይቀራረባሉ፤ በእግር መንገድም አለ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በገመድ የሚሄደው ስካይላይነር ያገናኛቸዋል። እሱ ላይ ጋሪ ሳይታጠፍ ይገባል። ሰውዬው ቢያንስ ይሄን ጥንድ ሰጥቶን ቢሆን ኖሮ ግማሹን እምረው ነበር። ግን የሚሸጠውን ዕቃ ራሱም አያውቀውም፤ ማወቅም አልፈለገም። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቀኑ በእንቅልፍ፣ በሽንት ቤትና በረሃብ የተከፋፈለ ነው። ጠዋት ገብታችሁ፣ ቀትር ላይ ክፍላችሁ ተመልሳችሁ አስተኝታችሁ፣ አመሻሽ ላይ እዚያው ፓርክ ብትመለሱ ሆፐር አያስፈልጋችሁም። በተራው ቲኬት ወጥቶ እዚያው ፓርክ መመለስ ይቻላል። ይሄንንም አልነገረንም። ምን ያተርፍበታል?

ቀሪዎቹን ቀናት በቀን አንድ ፓርክ ብቻ ሄድን። ልጄ ዱምቦዋን እስክትጠግብ ተሳፈረች። የከፈልንበት ሆፐር ቲኬቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ምክር ካላችሁ ይሄው፦ ተራውን ግዙ፣ ካማራችሁ እዚያ ጨምሩ፣ የልጃችሁን ቁመት ከቤት ለክታችሁ ውጡ። ሻጩ የሚላችሁን ሁሉ በጽሑፍ ይላክላችሁ፤ አልልክም ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

እኔ ለባንኬ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። የሰውዬውን ስም በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። እዚህ ያልጻፍኩት «ስሜን አጠፋሽ ብዬ እከስሻለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት በሌላ ቁጥር ስለላከልኝ ነው። እሱንም አስቀምጬዋለሁ፤ ለባንኩ ጨምሬ እልከዋለሁ።